የካዛንቺሱ ወለል ስንጥቅ

ጡረታ ከወጣሁ ስንት ዓመት እንደሆነኝ የምታውቀው ልጄ ናት። እኔ ዘመኔን የማስታውሰው በወለል ነው። የለገሃሩ ወለል ሲፈስ፣ የሜክሲኮው ሲሞረድ፣ እያልኩ ነው የምቆጥረው። አሁን አሁን እሱም ይምታታብኝ ጀመር፤ ወለሎቹ ከነበሩበት እየጠፉ ነው። ወለል ይጠፋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ግድግዳ ይፈርሳል፣ ጣሪያ ይነሳል፣ ወለል ግን መሬት ላይ የተኛ ነገር ነው። ወዴት ይሄዳል?

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ አጻጻፌ ቢያደናቅፍ አንባቢ ይለፈኝ። ጻፍ ያለችኝ ማህሌት የምትባል የሕንፃ ባለሙያ ናት። እንዴት እንደተገናኘን ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ። አስቀድሜ ሥራዬ ምን እንደነበር ልናገር፤ የዛሬ ልጆች አያውቁትማ።

የቴራዞ ሠራተኛ ነበርኩ። በድሮ ባንክ ቤት ወይም በድሮ ሲኒማ ቤት ስትገቡ፣ ነጭና ጥቁር ጠጠር የተበተነበት፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ወለል ረግጣችሁ ይሆናል። እሱ ነው ቴራዞ። ብዙ ሰው ከፋብሪካ ተቆርጦ የመጣ ይመስለዋል። አይደለም። እዚያው ቤቱ ውስጥ፣ ተንበርክከን የምናፈሰው ነው። በአርማታው ላይ መጀመሪያ ሊሾ፣ ማለት የአሸዋና የሲሚንቶ ልስን፣ ይጣላል። በሊሾው ላይ ቀጭን የናስ ጠፍጣፋ፣ በክርና በውሃ ልክ እየተለካ፣ በጠርዙ ይቆማል። ናሱ ወለሉን እንደ እርሻ መደብ ይከፋፍለዋል። ከዚያ በየመደቡ የእብነ በረድ ጠጠር ከሲሚንቶ ጋር ተለውሶ ይፈሳል፣ በከባድ መዳመጫ ይዳመጣል፣ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ቀናት ይተኛል። ሲጠነክር ውሃ እየፈሰሰበት በማሽን ይሞረዳል። ጠጠሩ ፊቱን የሚያሳየው ያኔ ነው። እስከዚያ ጭቃ ነው የሚመስለው፤ ጥሩ ሥራ ይሁን መጥፎ አታውቅም።

ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ መሐሪ ናቸው። አስመራ ከጣሊያኖች ተምረው የመጡ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ከሰው ጋር በአማርኛ፣ ከድንጋይ ጋር በጣሊያንኛ ነበር የሚያወሩት። ጠጠሩን ከጆንያ ሲያፈሱ አንድ ነገር ያጉረመርማሉ። ምን እንደሚሉት እስከ ዛሬ አላውቅም። ስድብ ይሁን ምርቃት።

ሦስት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ የተሞረደ ወለል ላይ ጠዋት ጠዋት ጫማቸውን አውልቀው፣ በካልሲ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሄዱበት ነበር። ለምን ቢሏቸው፣ «ዓይን ይሉኝታ አለው፣ እግር ይሉኝታ የለውም» ይላሉ። ሁለተኛው፣ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ይዘው ይዞሩና በመዳፋቸው ወለሉ ላይ ይረጩታል። ውሃው ሲደርቅ ቁጭ ብለው ያያሉ። ደህና ወለል እኩል ይደርቃል። ስንጥቅ ያለበት ግን ውሃውን ይጠጣዋል፤ ሌላው ሲደርቅ እሱ ጥቁር መስመር ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው ልማድ ሕግ ነበር። በናስ የታጠረውን መደብ እሳቸው ገበታ ይሉታል። አንድ ገበታ ከተጀመረ በዚያው ቀን፣ ሳይቋረጥ ማለቅ አለበት። «ገበታ ላይ ተቀምጦ የሚነሳ ባለጌ ነው» ይላሉ። ምሳ እንኳ ደርሶ ገበታው ካላለቀ ምሳው ይቆያል። ምክንያቱም ግማሹ ደርቆ ግማሹ ቢፈስበት ሁለቱ አይዋደዱም። ላዩ አንድ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሁለት ነው።

ያን ጊዜ፣ በንጉሡ ዘመን፣ ከተማው አዲስ ሕንፃ የሚያበቅልበት ጊዜ ነበር። ከድንጋይና ከጭቃ ቤት በላይ አይተን የማናውቅ ሰዎች፣ ክብ ቤት፣ ግድግዳው መስታወት የሆነ ቤት፣ ምሰሶ የሌለው ደረጃ ማየት ጀመርን። የካዛንቺሱ ሕንፃ ከእነዚህ አንዱ ነው። ፊቱ እንደ ቀስት ጎበጥ ያለ፣ ውስጡ ደረጃው እየተጠማዘዘ የሚወጣ፣ መግቢያው ላይ ደግሞ እንደ ወታደር ቆብ ክንፍ ወደ ውጭ የተዘረጋ አርማታ ያለበት። ክንፉን ከሥር የሚደግፈው ምንም ነገር የለም። ሰው ቆሞ ያየው ነበር።

ከሕንፃው ጀርባ፣ በጠባቧ መንገድ፣ እማማ ተዋበች የሚባሉ ሴት ይኖሩ ነበር። እኔ ከሶዶ የመጣሁ ጊዜ፣ ማንም የማያውቀኝን ሰው፣ በራቸው ሥር መኝታ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ልጅ አልወለዱም። በዚያ ክንፍ ሥር አያልፉም ነበር፤ መንገድ ተሻግረው ይዞራሉ።

«ደግፌ ልጄ» አሉኝ አንድ ቀን፣ «ያንን ጣራ ማነው የያዘው?»

«ፌሮው ነው የያዘው እማማ።»

«ፌሮውንስ?»

«አርማታው።»

«አርማታውንስ?»

አሰብኩ አሰብኩና፣ «ፌሮው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ተያይዘው ነዋ የቆሙት! አንዱ የለቀቀ ቀን ወየውላችሁ» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እስከ ዛሬ ስለ አርማታ ከዚያ የተሻለ ነገር የነገረኝ ኢንጂነር የለም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልሂድ።

የሕንፃው መግቢያ አዳራሽ ላይ፣ ከደረጃው እግር ሥር፣ አንድ ትልቅ ገበታ ነበር። ንድፉን ያወጣው የውጭ አገር ሰው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ መሐሉ ናስ የሌለበት ሰፊ ገበታ ይሁንልኝ ብሏል። ጋሽ መሐሪ አልወደዱትም፤ «ይሄ ለአንድ ቀን ይበዛል» ብለው ነበር። ካፖው ግን፣ ማለቴ የሥራው አለቃ፣ ጣሊያን ነው፣ ንድፉ ንድፍ ነው አለ። ለምርቃቱ እንግዳ ስለሚመጣ በዚያ ሳምንት እንዲያልቅ ተባለ። በዚያ ሰሞን ጋሽ መሐሪን ጨጓራቸው ጣላቸው። ከተኙበት ጠርተውኝ፣

«ነገ ትልቁን ገበታ አንተ ነህ የምትበላው» አሉኝ።

«እችለዋለሁ ጋሼ?»

«ካልቻልክማ አትቀመጥበት።»

ከንጋቱ ጀምሬ፣ ከሁለት ቀን ሠራተኞች ጋር፣ ከደረጃው ወደ በሩ እያፈሰስን መጣን። ጥሩ ነበር የሚሄደው። ግማሹን እንደጨረስን የሰፈር ሰው መጣ። እኔ ያን ሰሞን እዚያው ሥራው ላይ ነበር የማድረው፤ አልሰማሁም። እማማ ተዋበች ሌሊት አርፈዋል። ቀብሩ ከምሳ በኋላ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ምን ይደረጋል? ልጅ የላቸውም። ቃሬዛውን የሚሸከም ዘመድ የላቸውም። እኔ ነኝ ያለሁት። እዚያ፣ ከቤታቸው አጥር ማዶ ሆኜ ወለል ሳለብስ ልዋል? ሰፈሩስ ምን ይለኛል? ይሄ ሁሉ ቀርቶ፣ እኔ ለራሴ ምን እላለሁ? የገበታውን ጫፍ እርጥብ ጆንያ አለበስኩት። አንድ ሰዓት ብቻ ነው ብዬ ወጣሁ። ሁለቱ ሠራተኞችም ተከተሉኝ፤ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፣ ማን ይቀራል?

ቀብር ደግሞ አንድ ሰዓት አይሆንም። ቄሱ ዘገዩ፣ ጉድጓዱ ድንጋይ አጋጠመው፣ ከዚያ ድንኳን መመለስ፣ እጅ መታጠብ፣ ንፍሮ መቅመስ አለ። እኔ ደግሞ እንደ ልጅ ሆኜ ሰው ሳስተናግድ ቆየሁ። ስመለስ አስራ አንድ ሰዓት አልፏል። ፀሐዩ በመስታወቱ ገብቶ ጆንያውን አድርቆት፣ ጫፉ ነጭ ሆኗል። በጥፍሬ ጫርኩት፤ አልጫር አለ።

የሚደረገው ይታወቃል። የፈሰሰውን ፈንቅሎ መጣል ነው፤ ወይም ጠብቆ ለጋሽ መሐሪ መንገር። እኔ ግን ጫፉን በመዶሻ አቆሰልኩት፣ ሲሚንቶ በውሃ በጥብጬ ቀባሁት፣ ብቻዬን ቀሪውን አፈሰስኩ። ጨርሼ ዳመጥኩት። ሲሞረድም ምንም አልታየም። እንዲያውም አማረ።

ጋሽ መሐሪ ተሽሏቸው ሲመጡ ጫማቸውን አወለቁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ከደረጃው ወደ በሩ መጡ። መሐሉ ላይ ሲደርሱ አንድ እርምጃ ቆም አሉ። ከዚያ ቀጠሉ። ምንም አላሉኝም። አላወቁም ብዬ እግዜርን አመሰገንኩ።

ሕንፃው ተመረቀ። ያ ክረምት አልፎ መስከረም ሲገባ፣ በትልቁ ገበታ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ወጣች። ከግራ ወደ ቀኝ፣ እጄ ባረፈበት ሁሉ እየተጠማዘዘች። ካፖው ጠራን። ፊቱ ቀልቷል።

«ይሄ ምንድነው?»

ጋሽ መሐሪ የሻይ ብርጭቋቸውን ይዘው ተንበረከኩ። ረጩ። ጠበቁ። ወለሉ ደረቀ፣ መስመሯ ጠቁራ ቀረች። በአውራ ጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሏት። ቀና ብለው አዩኝ። ያን አስተያየት ዛሬም አየዋለሁ። ወደ ካፖው ዞረው፣

«መሬቱ ነው» አሉ። «የካዛንቺስ መሬት ዋልካ ነው፤ ክረምት ይነፋል፣ በጋ ይሸሻል። ሥራው ምንም የለበትም።»

እኚህ ሰው ዋሽተው አያውቁም። ካፖው ለጸሐፊው ነገረው፣ ጸሐፊው መሬቱ ተንቀሳቅሶ ነው ብሎ ጻፈ፣ ጋሽ መሐሪ ፈረሙበት። ወረቀቱ ገብቶ ተቀመጠ።

ውጭ ስንወጣ፣ «ጋሼ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ለመሄድህ አይደለም» አሉኝ። «ሰው ሞቶ ይኬዳል። እኔም ብሆን እሄድ ነበር።»

«ታዲያ…»

«መጥተህ ዝም ማለትህ ነው። ነግረኸኝ ቢሆን፣ የቆምክበት ላይ ናስ አስገብተን መስመር እናደርገው ነበር። ማንም ስንጥቅ አይለውም ነበር።»

ከዚያ ወዲያ አንስተውት አያውቁም። እኔም አልጠየቅኳቸውም። ለምን ዋሹልኝ? እንዳልባረር ነው? ወይስ የራሳቸው ስም እንዳይነሳ? ወይስ እማማ ተዋበችን አስበው? አላውቅም። ስንት ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ አልጠየቅኩም። ይሄ ይገርመኛል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ሠራን። ለገሃር የቢሮ ሕንፃ፣ ሜክሲኮ የሱቅ ቤት፣ ጎተራ በኩል የእህል መጋዘን ቢሮ። ደርግ ሲመጣ ካፖዎቹ ሄዱ፣ ሥራው የመንግሥት ሆነ። አንድ አዲስ ኃላፊ መጣና አዳራሽ መሐል ቀይ ኮከብ አውጣ አለኝ። ቀይ ጠጠር አንድ ወር ፈልጌ፣ አምስቱን ጫፍ በናስ አጥሬ አወጣሁለት። ከሠራሁት ሁሉ በጣም የተዋደደ እሱ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ሌላ ኃላፊ መጣና ኮከቡን አንሳው አለኝ። ፈልፍዬ በግራጫ ሞላሁት። ደሞዙ ያው ነበር። የትኛው ነው የእኔ ሥራ? ማውጣቱ ወይስ ማንሳቱ? ተምታታብኝ አልኩ አይደል።

ጋሽ መሐሪ በዚያ መሐል አረፉ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ የማስበው ስንጥቁን ነበር። ከዚያ ሴራሚክ መጣ፤ በካርቶን ታሽጎ፣ በአንድ ቀን አንድ ፎቅ የሚለበስ። ቴራዞ የሚያፈስ ሰው ማን ይፈልጋል? የመጨረሻዎቹን ዓመታት የድሮ ወለል በሰም ሳሻሽ አሳለፍኩና በጡረታ ተሰናበትኩ። የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፤ ስሜ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል።

አሁን የምኖረው ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ልጄ ቤት ነው። በቅርቡ ደግሞ ካዛንቺስ ፈርሷል ሲሉ ሰማሁ። ሰፈር እንዴት ይፈርሳል፣ ልይ ብዬ ሄድኩ። ከታክሲ ወረድኩ፤ የት እንደወረድኩ አጣሁ። መንገዱ ሰፊ፣ መብራቱ አዲስ፣ ሳሩ አዲስ። የእማማ ተዋበች መንገድ በየት በኩል እንደነበር ብዞር ብዞር አላገኘሁም። ደክሞኝ ቀና ስል ያ ክንፍ ከፊቴ አለ። ማንም ሳይደግፈው፣ እንደተዘረጋ። አሁንም ተያይዘዋል።

ገባሁ። ወለሉ አቧራ ለብሷል፣ ቢሮዎቹ ባዶ ናቸው። አንድ ጥበቃ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«ፋዘር፣ እዚህ መሥሪያ ቤት የለም፤ ለቀዋል» አለኝ።

«ውሃ ታጠጣኛለህ?»

ብርጭቆውን አለቅልቆ ሞልቶ ሰጠኝ። እኔ ተንበርክኬ ወለሉ ላይ ረጨሁት።

«እንዴ! ፋዘር ምን ሆነዋል? ጠበል መሰለዎት እንዴ?»

«ቆይ፣ ይድረቅ።»

«ይድረቅ? በቃ፣ ዛሬ ደግሞ እግዜር እንዲህ ያለ ሰው ላከልኝ» እያለ ራሱን ሲነቀንቅ፣ ከደረጃው አንዲት ልጅ የሜትር ጥቅል ይዛ ወረደች። ቆማ አየችኝ። አብራኝ ተንበረከከች። ወለሉ ደረቀ፣ ጥቁሯ መስመር ቀረች።

«አባባ፣ ይህን ማን አስተማረዎት?» አለችኝ። ማህሌት ማለት እሷ ናት።

ወለሉን የሠራሁት እኔ ነኝ ስላት እጄን ይዛ ሳመችው። ደነገጥኩ። ይህን ዓይነት ሕንፃ ቅርስ ነው ትለዋለች። እኔ ቅርስ የማውቀው ቤተ ክርስቲያንና የነገሥታት ቤት ነው፤ እኛ ትናንት በላባችን ያፈሰስነው እንዴት ቅርስ ይሆናል? እሷ ግን ደረጃውን እየለካች፣ የናሱን አከፋፈል እየሳለች ወር ሆኗታል። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ።

«ምን ያደርጋል፣ ሊያፈርሱት ነው አባባ።»

«ለምን? ምን ሆነ?»

«መሠረቱ ሰምጧል ይላሉ። የግንባታው ዘመን ወረቀት ተገኝቷል። መሬቱ እንደተንቀሳቀሰ ያኔውኑ ተጽፎ፣ ባለሙያው ፈርሞበታል። ይቺ ስንጥቅ ናት ማስረጃቸው። በሚመጣው ሳምንት ኮሚቴ ይወስናል።»

ከወለሉ ጥበቃው ነው ያነሳኝ።

ለእሷ ያን ቀን ምንም አልነገርኳትም። ቤት ገብቼ ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ነገሩን ብታስቡት ያስቸግራል። እውነቱን ብናገር ሕንፃው ይተርፍ ይሆናል፤ ጋሽ መሐሪ ግን በሰነድ የዋሹ ሰው ይሆናሉ። ሞተዋል፤ ቆመው አይመልሱ። ዝም ብል ደግሞ፣ ለእኔ ብለው የተናገሩት ቃል ያን ሁሉ ሕንፃ ሊጥል ነው። ከሁሉ የባሰው፣ እኔ ራሴ እርግጠኛ አልሆን አልኩ። ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ሰው ሲጠይቀኝ «መሬቱ ነው» ስል ኖሬ፣ አምኜው ነበር መሰለኝ። ጫፉ የእውነት ደርቆ ነበር? ወይስ ዋልካው ነው? ዋልካ እኮ ይንቀሳቀሳል፤ ጋሽ መሐሪ የፈጠሩት ነገር አይደለም።

ልጄን ነገርኳት። ሳህን እያጠበች ነበር።

«አባዬ» አለች፣ «እሳቸው ናስ እናስገባበት ነበር አላሉህም?»

«ብለዋል።»

«ታዲያ መቼ ልታስገባው ነው?»

የምመሰክረው አለኝ ብዬ ለማህሌት ደወልኩላት፤ ኮሚቴው የተሰበሰበ ቀን ይዛኝ ገባች። ወረቀት የያዙ አምስት ስድስት ሰዎች ከስንጥቁ ዙሪያ ቆመዋል። የሚመሩት ራሰ በራ ኢንጂነር ናቸው፤ ከእኔ በዕድሜ ያንሳሉ ግን ሸምግለዋል። ሁሉን ነገርኳቸው። ቀብሩን፣ ጆንያውን፣ የቀባሁትን ሲሚንቶ። ስጨርስ ኢንጂነሩ ቀስ ብለው፣

«አባቴ፣ አይቀየሙኝና» አሉ፣ «ሕንፃውን ስለሚወዱት ነው ወይስ የእውነት ነው?»

«እኔም እሱን ነው ራሴን የምጠይቀው» አልኳቸው። አንዳንዶቹ ሳቁ። እኔ ለሳቅ ብዬ አልነበረም። «ግን ይዩት። ውሃ አምጡልኝ።»

ረጨሁ። ጠበቅን። ጥቁሯ መስመር ስትወጣ በጣቴ አሳየኋቸው። «ግራ በኩል ናሱ ጋ ስትደርስ ቆማለች። ቀኝ በኩልም እንዲሁ። ከጎን ያሉት ገበታዎች ንጹህ ናቸው። መሬት ቢሆን ኖሮ ናስ ይፈራል እንዴ? አልፎ ይሄድ ነበር። ጠጠሮቹንም ይዩ፤ አንድም የተሰበረ የለም። መስመሯ ጠጠሩን እየዞረች ነው የሄደችው፣ እጄ ያቆመበትን እየተከተለች።»

ኢንጂነሩ መነጽራቸውን አውልቀው አጎነበሱ። ብዙ ቆዩ።

«አሳማኝ ነው። ግን አይበቃም። ከሥር አርማታው ተሰንጥቆ ከሆነ የእርስዎ ነገር አይረዳንም። መከፈት አለበት።»

«ይከፈት» አልኩ። አፌ ነው ያለው፤ ሆዴ ሌላ ነበር። ከከፈቱት ወይ ሕንፃው ነው የሚወድቅ፣ ወይ እኔ።

አንድ ሠራተኛ መዶሻና መሮ ይዞ መጣ። ያን ወለል ሲመታው ድምፁ ጥርሴ ውስጥ ገባ። ክንድ በክንድ የሚሆን ከፈተ። ቴራዞው በሁለት ተከፍሎ ወጣ፤ የተለያየበት ፊት ሳይሰበር የተላጠ ነው፣ የቀባሁት ሲሚንቶ እንደ ወረቀት ተጣብቆበታል። ስቀባው የቀረው የጣቴ ጭረት ሳይቀር አለ። ሊሾው ሲጠረግ ደህና ነው። ሊሾውም ተነሳ። አርማታው እንደ ትናንት ግራጫ፣ ሙሉ፣ አንድ ጭረት የለበትም።

ማህሌት አፏን ይዛ ቀረች።

«የእኔ ነው» አልኩ። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅኩም። ዛሬም አላውቅም። ሃምሳ ዓመት ግማሽ በግማሽ ስጠራጠር ኖሬ፣ ጥፋቴ ሲረጋገጥ ትከሻዬ ቀለለ። ይሄ እንዴት ያለ ነገር ነው?

ኢንጂነሩ እስክሪብቶ አወጡ። «ያኔ የፈረሙትን ሰው ምን ብለን እንጻፍ? ተሳስተዋል ነው?»

ይሄ ነበር የፈራሁት። «አልተሳሳቱም» አልኩ። «አውቀው ነው። ተማሪያቸውን ሸፍነው ነው ብለው ይጻፉ። ስሙም ደግፌ ነው።»

እሳቸው ቀና ብለው አዩኝና እንዳልኩት ጻፉ። የምስክር ወረቀቴ ላይ የተሳሳተችው ፊደል እዚህ ትክክል ወጣች።

ሌላም ምርመራ አድርገው ነበር አሉ፣ መሬቱን ቆፍረው። በመጨረሻ እንዲጠገን እንጂ እንዳይፈርስ ተባለ። ማህሌት በስልክ ስትነግረኝ ታለቅስ ነበር። ወለሉን ማን ይጠግነው ሲባል፣ ልመናም ትእዛዝም በሚመስል ድምፅ እኔ ነኝ አልኩ። ጉልበቴ አይታጠፍም፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁለት ጎልማሶች አሠራሁ። ጠጠሩን ከተከፈተው ላይ ለቀምን፤ የጎደለውን ማህሌት ከየት እንደሆነ እንጃ ፈልጋ አመጣች። ኢንጂነሩ ስንጥቁን ሞልተን እናጥፋው ብለው ነበር። አይሆንም አልኳቸው። በስንጥቁ መንገድ ላይ፣ ከግራው ናስ እስከ ቀኙ ናስ፣ አዲስ ናስ አስገባንበት። ቀጥ አላደረግነውም። እጄ ያን ቀን እንደሄደው፣ እየተጠማዘዘ።

ያለቀ ዕለት ጠዋት ጫማዬን አወለቅኩ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ የጥበቃውን ትከሻ ይዤ ሄድኩበት። መሐሉ ላይ ስደርስ፣ ጋሽ መሐሪ ያኔ የቆሙባት ቦታ ላይ፣ በካልሲዬ አልፎ ናሱ ቀዘቀዘኝ። እሳቸውም ያኔ አውቀው ነበር። እግር ይሉኝታ የለውም።

አሁን አልፎ አልፎ እየሄድኩ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። መንገዱ አሁንም ይጠፋኛል፤ ክንፉን እያየሁ ነው የምደርሰው። ጥበቃውም ለምዶኛል፣ ብርጭቆ ውሃ ሳልጠይቅ ያቀርብልኛል። ባለፈው ቆሞ ወለሉን ሲያይ ቆየና፣

«ፋዘር፣ ሁሉም መስመር ቀጥ ያለ ነው» አለኝ። «ይቺ አንዷ ብቻ ለምን ጠመመች?»

«ቀብር ሄጄ ነበር» አልኩት።